ባዶ ነው ያልነው ቆርቆሮ

አባታችን አቶ ቢሆነኝ ያረፉት በመስከረም 1996 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ቀን፣ ከገዛ በቆሏቸው ዳር ነው። በዚያ ሰዓት ባትሪው ተነቅሎ ነበር። የአጥሩ ሽቦም ተፈትቶ ነበር። ይህን ለፖሊስም፣ ለቀብርተኛውም፣ ለእናቴም ስናገር ከረምኩ፤ የሚያምነኝ ግን አላገኘሁም። እኔም ቆሜ ባላይ ኖሮ አላምንም ነበር።

ሠርክአዲስ እባላለሁ። ያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም ፊዚክስ አስተምር ነበር። ታላቅ ወንድሜ ወንዳወቅ ደግሞ ቡሬ፣ ከገበያው በላይ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። እጁ የተባረከ ነው፤ ሌሎች የጣሉትን ቴፕ እሱ ያናግረዋል። ወላጆቻችን የሚኖሩት ከቡሬ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ባለ ገጠር ሲሆን፣ መሬታቸው ገደል አፋፍ ላይ ነው።

ያ ገደል የዝንጀሮ ቤት ነው። በቆሎው እሸት በያዘ ቁጥር መንጋው ይወጣና የሚበላውን በልቶ የቀረውን ሰብሮት ይሄዳል። አባባ በየዓመቱ ማማ ሠርተው በወንጭፍ ሲጠብቁ ኖሩ። በዚያ ዓመት ግን ስድሳ ሰባት ሞልቷቸው፣ ጉልበታቸው አብጦ፣ ማማው ላይ መውጣት አቃታቸው። አንድ ቀን ከመሰላሉ ተንሸራተው ወድቀው እናቴ እያለቀሰች ስታሻቸው ወንዳወቅ ደረሰ። ከዚያች ቀን በኋላ ሥራ አልያዘለትም። አንዴ በመጽሔት ላይ ያየው፣ ከብት የሚያግድ የኤሌክትሪክ አጥር ነበር፤ እሱን ካልሠራሁ አለ።

እቃውን የሰጠው ሙዓዝ ነው። ሙዓዝ ቡሬ ውስጥ አሮጌ ብረት እየሰበሰበ የሚነግድ፣ ከወንድሜ ጋር ከልጅነት ጀምሮ የሚዋደድ ሰው ነው። ወታደር ለቆት ከሄደ ሰፈር የተነቀለ የሬዲዮ ማሰራጫ ገዝቶ፣ ከሆዱ የወጡ ግራጫ ቆርቆሮዎች መጋዘኑ ውስጥ ተደርድረው ነበር። አንዱ ቆርቆሮ የአምስት ሊትር ጀሪካን ያክላል። ሲያነሱት ዘይት ስላለበት ይከብዳል። አናቱ ላይ ነጭ የሸክላ አንገት ያላቸው ሁለት ጫፎች ቆመዋል። ካፓሲተር ይባላል፤ ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚይዝ እቃ ነው። ወንዳወቅ ሁለቱን ወሰደ።

በማግሥቱ እሑድ ስለነበር ወደ ሱቁ ሄድኩ። ቆርቆሮዎቹን ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ይወለውላቸዋል።

«ነይ ሠርኬ፣ አስሊልኝ» አለኝ። «አራት ሺህ ቮልት ቢሞላ ምን ያህል ጉልበት ይይዛል?»

ከግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ ያለፈ ወር ገንጥዬ በጀርባው አሰላሁ። መልሱ ሲወጣ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ቀመር ለመጀመሪያ ጊዜ በእጅ የሚዳሰስ ነገር ሆነልኝ።

«አንዱ ብቻውን ሰው ይገድላል» አልኩት።

«ወደ አጥሩ የሚሄደውማ በጣም ጥቂት ነው፤ አሳንሼ ነው የማወጣው። ዝንጀሮውን ቆንጠጥ አድርጎ መመለስ ብቻ ነው።»

«አጥሩን አይደለም የምልህ። ቆርቆሮው ራሱ ባትሪው ከተነቀለ በኋላም የያዘውን ይዞ ይቆያል። ስትጨርስ ሁለቱን ጫፎች በብረት አገናኝና አራግፈው። ሳታራግፍ እንዳትነካው።»

«ይህንንማ አውቃለሁ። የቴሌቪዥን ሆድ ስከፍት ነው የኖርኩት» ብሎ ሳቀ።

ያልኩት ይኼን ብቻ ነው። ትክክል ነበር፤ ግን አልበቃም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሙዓዝ በመኪናው መንገዱ እስከሚያልቅበት አድርሶን ተመለሰ። ወንዳወቅ ለሁለት ሳምንት እየተመላለሰ አጥሩን ተክሎ ጨርሷል። ካስማዎቹ ላይ የጠርሙስ አንገት ሰክቶ ሽቦውን በእነሱ አሳልፎታል። ሁለቱን ቆርቆሮዎች በአንድ የሳሙና ሣጥን ውስጥ ጎን ለጎን አቁሞ፣ የአንዱን ጫፎች ከሌላው ጫፎች ጋር በሽቦ አያይዞ በናስትሮ ጠቅልሏል። ሣጥኑን ከበቆሎው ዳር፣ ከአንድ ብሳና ሥር አስቀመጥነው፤ አጠገቡ የመኪና ባትሪና፣ ቮልቱን ከፍ የሚያደርግ ከቴሌቪዥን ሆድ የወጣ እቃ።

አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በዱላቸው ተደግፈው ዙሪያውን መረመሩ። መሬታችንን አቋርጦ የሚያልፍ ትልቅ የመብራት መስመር አለ፤ ለከተማ ነው እንጂ ለእኛ አንድ አምፖል አላበራልንም። ቀና ብለው መስመሩን፣ ጎንበስ ብለው ሣጥኑን አዩና፣

«ይኼ ባለጌ ስንት ዓመት በላያችን ሲያልፍ ሰላም አይለንም ነበር። አሁን ልጄ ጠልፎ አወረደልኝ» አሉ።

«ከሱ አይደለም አባባ፤ ከባትሪው ነው።»

«ተወኝ እስቲ፤ ለጎረቤት እንዲህ ብዬ ነው የማወራው።»

ወንዳወቅ ሞላው። ከዚያ ሊያሳየን ፈልጎ፣ እጀታው በወፍራም ላስቲክ የተጠቀለለ ረጅም ካቻቪቴ አንስቶ «ጆሯችሁን ያዙ» አለና ሁለቱን ጫፎች አገናኘ። ጠመንጃ የተተኮሰ ነው የመሰለው። በሰማያዊ ብልጭታ ዓይናችን ጠፋ። ከማዶ የታሰረ በሬ ገመዱን በጥሶ ሮጠ። የካቻቪቴው ጫፍ ቀልጦ ተጎርዶ ነበር። እናቴ ንግሥቴ እሸት ይዛልን ስትመጣ ሰምታ «በስመ አብ!» ብላ ባለችበት ተቀመጠች።

«ይኼን ነገር ከቤቴ አርቁልኝ» አለች።

«አሁን ባዶ ነው እማ» አላት ወንዳወቅ፤ እጁን ቆርቆሮው አናት ላይ ጭኖ አሳያት። «አየሽ? ከተራገፈ በኋላ ከጀሪካን አይለይም።»

አባባ ይህን በደንብ ሰሙ።

እንደገና ሞልቶ አጥሩን አበራው። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ መንጋው ከገደሉ ወጣ። ከፊት የሚመራው አውራ ዝንጀሮ ሽቦውን በእጁ ያዘ። እንዲያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ ተነሣና እጁን እያራገፈ ወረደ፤ መንጋው ሁሉ ተከተለው። አባባ እስኪያለቅሱ ሳቁ። ዱላቸውን ጥለው ወንዳወቅን በሁለት እጃቸው አንገቱን ይዘው ሳሙት። «ልጅ ወለድኩ ማለት አሁን ነው» አሉት። ወንድሜ አርባ ዓመት ሊሞላው ነበር፤ እንደ ሕፃን ፊቱ ቀላ።

ምሳ እዚያው ዛፉ ሥር በላን። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከምዕራብ ጥቁር ደመና ተነሣ፤ በረዶ ያዘለ ነው አሉ አባባ። ወንዳወቅ ማብሪያውን አጠፋ። ባትሪውን ነቀለ። የአጥሩን ሽቦ ፈታ። ሣጥኑ የቆመበት ቦታ ውኃ የሚተኛበት ስለነበር ወደ ደረቁ ጎተተው። ሣጥኑ ከሥር አልላቀቅ አለ፤ ድንጋይ ይዞት ነበር፣ በኃይል ሳበው። ከዚያ ካቻቪቴውን አንስቶ ፊት ለፊት የነበረውን ቆርቆሮ ሁለት ጫፎች አገናኘ።

ጧ አለ።

ድምፁ ከጠዋቱ አነሰ። ሰማሁት። ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ ነበር። ሲሠራ ስለዋለ ጉልበቱ ቀንሶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያም ነጠላዬን ልይዝ ዞርኩ።

«አለቀ፤ ባዶ ነው» አለ ወንዳወቅ። ባትሪውን አቅፎ ወደ ቤት ጥቂት ሄደ።

አባባ ሣጥኑን ሊያነሡ ሞከሩ፤ ከበዳቸው።

«ይተዉት አባባ፤ እኔ ተመልሼ እወስደዋለሁ» አልኳቸው።

«ዝናቡ ደረሰ እኮ። አንድ አንዱን እንያዝ» አሉና፣ በስተኋላ ያለውን ቆርቆሮ ለማውጣት ሁለቱን ነጫጭ አንገቶች እንደ ማሰሮ ጆሮ በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

አልጮሁም። ሰውነታቸው አንዴ ቀጥ አለ፤ ደረታቸው ወደ ፊት ወጣ። ከዚያ በጎናቸው ወደቁ። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዶ በቆሎው ላይ ተንጠለጠለ።

«አባባ!» ብዬ ሮጥኩ፤ ልነካቸው እጄን ስዘረጋ ወንዳወቅ ከወዲያ «አትንኪያቸው! አትንኪ!» አለ። እጄ በአየር ላይ ቀረ። ኤሌክትሪክ ገላቸው ውስጥ ይኑር አይኑር አላወቅንም። የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ከእሳቸው ገላ የሚተርፍ ምንም እንደሌለ ማወቅ ነበረብኝ። ግን በዚያች ደቂቃ የተማርኩት ሁሉ ከራሴ ጠፋ። ቆመን አየናቸው። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆምን ዛሬም ልናገር አልችልም። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ያ መቆማችን ነው።

ከዚያ ወንዳወቅ ተንበርክኮ ደረታቸውን መጫን ጀመረ። እኔ ስማቸውን እየጠራሁ ፊታቸውን እመታለሁ። በረዶው ጀመረ። እናቴ ከቤት ስትወጣ አየኋት፤ በበረዶው ውስጥ ባዶ ራሷን እየሮጠች ነበር። ጎረቤት ቃሬዛ ይዞ ደረሰ፤ እስከ ቡሬ ተሸክመናቸው ሮጥን። ሐኪሙ በእጁ ዓይናቸውን ገልጦ አየና ወደ እኛ ቀና ሲል፣ ወንዳወቅ ሳይነገረው መሬት ላይ ተቀመጠ። ሁለቱም መዳፎቻቸው መሃል የምስር ፍሬ የምታክል ነጭ የቃጠሎ ነጥብ ነበረች። ከዚያ ሌላ ምልክት አልነበራቸውም።

ቀብር እሑድ ሆነ። ለቀስተኛው መብረቅ ነው አለ፤ ደመናውን ያዩ ነበሩና። ሌላው ሰይጣን በቆርቆሮ አስገብተው አመጡ አለ። ወንድሜ ከቀብር ሲመለስ ልብሱን ሳይቀይር ወደ ቡሬ ሄዶ ለፖሊስ «አባቴን ገድያለሁ» ብሎ እጁን ሰጠ።

ማክሰኞ ቃል ልሰጥ ተጠራሁ። ሳጅን ዳኘው የሚባል፣ ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነው የተቀበለኝ። ሁለቱ ቆርቆሮዎች ከነሣጥናቸው በማስረጃነት ተይዘው ጠረጴዛው ላይ ቆመዋል። በአንዱ አናት ላይ ኮፍያውን ሰቅሎበታል።

«እህቴ፣ አንድ ነገር አልገባኝም» አለኝ። «ባትሪው ተነቅሏል ትላላችሁ። ወንድምሽ በዓይናችሁ ፊት አራግፎታል ትላላችሁ። ታዲያ በምን ሞቱ? ያልተነገረኝ ነገር አለ ወይ?»

ተነሥቼ ቀረብኩ። ናስትሮውን በጥፍሬ ገለጥኩት። ከሥሩ ሁለቱን ቆርቆሮዎች የሚያገናኘው ሽቦ ከብየዳው ተነቅሎ ለብቻው ቆሟል። ከውጭ ሲታይ ናስትሮው እንደ ያዘው ነው። ሣጥኑ ከድንጋዩ ሲሳብ ነው የተነቀለው። ወንዳወቅ ያራገፈው የፊተኛውን ብቻ ነበር፤ የኋለኛው ሙሉውን እንደያዘ ተቀምጧል። የሰማሁት ትንሽ ድምፅ የግማሹ ድምፅ ነው።

ሳጅኑ ውኃ ሰጠኝ። እንደምንም ብዬ አስረዳሁት።

«አሁንስ?» አለኝ።

«አሁን አንዱን ወንድሜ አራግፎታል፤ የአንዱ በአባቴ ገላ ወጥቷል። ባዶ ናቸው። ይኸው» አልኩና ላረጋግጥለት ከሣጥኑ የወደቀ ሽቦ ከጎኑ በነበረው የወንድሜ ፒንሳ ይዤ የአንዱን ሁለት ጫፎች አገናኘሁ።

ጠሽ ብሎ ሰማያዊ ብልጭታ ወጣ።

ፒንሳው ከእጄ ወደቀ። ሳጅን ዳኘው ወንበሩን ገልብጦ በሩ ላይ ደረሰ። ውጭ ያሉ ፖሊሶች ሮጠው ገቡ። ማንም ሳይሞላው፣ ምንም ሳይገናኝበት፣ ሦስት ቀን ቆሞ፣ ከውስጡ የቀረው ጥቂት ጥቂት እያለ እንደገና ወደ ጫፎቹ ወጥቶ ነበር። ይህ እንደሚሆን አላውቅም ነበር። በማስተምርበት መጽሐፍ ውስጥ የለም። እኔው ነኝ «ባዶ ነው» ያልኩት፤ እንደ ወንድሜ፣ በዚያው ቃል።

«ሁለት ቀን ሙሉ ክርኔን አስደግፌበት ስጽፍ ነበር» አለ ሳጅኑ። ኮፍያውን ሊያነሣ ፈልጎ እጁን መለሰ። እኔ አንሥቼ ሰጠሁት።

ዐቃቤ ሕግ ወንዳወቅን በቸልተኝነት ሰው በመግደል ከሰሰው። እናቴ ፍርድ ቤት ቀርባ «ሟች ባሌ ነው፤ ተከሳሽ ልጄ ነው፤ እኔ ከየትኛው ወገን ልቁም?» ብላ ጠየቀች። ስድስት ወር ፈርደውበት በገደብ ለቀቁት።

ከፍርድ ቤት ስንወጣ ሁለታችን በእግር ወደ ገጠር ሄድን። ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ ውስጤ የነበረውን አወጣሁት።

«ወንድምዬ፣ የከሰዓቱ ድምፅ ከጠዋቱ አንሶ ነበር። ሰምቼ ዝም አልኩ።»

አልቆመም። መሬት መሬት እያየ «እኔም ሰምቻለሁ» አለ። «ዝናቡ መጣብን አልኩና ተውኩት።»



ከአርባው በኋላ ሙዓዝ ለእናቴ ስኳርና ዘይት ይዞ መጣ። ብዙ ጊዜ እየመጣ ደጅ ላይ ቆሞ ይመለስ ነበር፤ ያን ቀን እናቴ እጁን ይዛ አስገባችው። ተቀምጦ ሲያለቅስ ከቆየ በኋላ ወደ ወንዳወቅ ዞረ።

«ወላሂ እንቅልፍ አጣሁ። እንደዚያ ያለ ሌላ አራት አለኝ። መጋዘን ነበሩ። ሚስቴ ዓቢዳ ሳትጠይቀኝ ሁለቱን አውጥታ ግቢ ውስጥ እንደ በርጩማ ትቀመጥባቸዋለች። አንዱ የበር መደገፊያ ሆኗል። አትንኩ አልኳቸው፤ ማንሣትም ፈራሁ።»

ወንዳወቅ ሱቁን ከዘጋ ሁለት ወር አልፎት ነበር። ካቻቪቴ እንደማይጨብጥ ምሏል። ተነሣ። መሣሪያውን ከአልጋ ሥር አወጣ። «ሠርኬ፣ ነይ» አለኝ።

ሙዓዝ ቀድሞን ቡሬ ደርሶ ነግሯት፣ ዓቢዳ ግቢውን ባዶ አድርጋ፣ ሰዉን ሁሉ መንገድ ማዶ አስወጥታ በሩ ላይ ጠበቀችን። ወንድሜ የላስቲክ ጓንት አጠለቀ። ሁለት ጊዜ ካቻቪቴውን ጣለው። እኔ ከኋላው ቆሜ እያንዳንዱን ለብቻው እንዲያራግፍ፣ ካራገፈ በኋላ እንደገና እንዲደግም በቃል እነግረዋለሁ። የመጀመሪያው ምንም አላለም። ሁለተኛውም ዝም አለ። ሦስተኛውም። አራተኛው፣ የበሩ መደገፊያ፣ እሱም ዝም አለ።

«ጉድ ነው፤ ሁሉም ባዶ ነበሩ ማለት ነው?» አለች ዓቢዳ። «እኛ እኮ በፍርሃት ልንሞት ነበር። እንደው ባዶ መሆኑን አይቶ የሚያውቅ ሰው የለም?»

«አይታይም» አላት ወንዳወቅ። ግንባሩን በክንዱ ጠረገ። «ባዶውም ሙሉውም መልኩ አንድ ነው። ለዚህ ነው የማናምነው።»

ወፍራም የመዳብ ሽቦ ቆራርጦ በየቆርቆሮው ሁለት ጫፎች መሃል አጥብቆ ጠመጠመ፤ ማንም ቢያነሣው ምንም እንዳይጠራቀምበት። ሙዓዝን ለብረት ለቃሚዎቹ እንዲያሳያቸው ጠራውና እንዴት እንደሚጠመጠም ሦስት ጊዜ አሠራው። ሦስተኛው በደንብ ስላልጠበቀ ፈትቶ አራተኛ አሠራው። ስንጨርስ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር። ሳይጨልምባት ልንደርስላት ወደ እናታችን መንገድ ጀመርን።